ቀይ ደረትና ዥንጉርጉር ደረት

ቦሌ ቡልቡላ
ግንቦት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሰልዋ፤

እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ! እልልታዬ ናይሮቢ ድረስ ካልተሰማ ነፋሱ አስቀርቶት ነው እንጂ፣ እኔስ ጉሮሮዬ እስኪሻክር ነው ያልኩት። ወገብሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፣ ብርድ እንዳይገባሽ። እዚያ አገር ገንፎ የሚያገነፋልሽ ሰው ባይገኝ እንኳ አጥሚት አይጥፋ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። አባትሽም ደህና ነው። ስለ እሱ የምነግርሽ ብዙ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩልሽ መጨረሻውን አታምኚኝም።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል እዚህ ቀን ታደርሰኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። እስካሁን በወንድሜ በአብዱልናስር አፍ ነበር የምንላላከው፤ አጎትሽ ደግሞ የታክሲውን ቁልፍ በእጁ ይዞ ቁልፉን የሚፈልግ ሰው ነው። ግማሹን ረስቶ፣ ግማሹን ከራሱ ጨምሮ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ የወፎቹን ነገር ከሥሩ እኔው ልንገርሽ።

ባልሽ ከሚሠራበት እርባታ የላካችሁት እንቁላል ገርጂ ማስፈልፈያ ማሽን ያለው ሰውዬ ጋ ገብቶ፣ ጫጩቶቹ ላባ እስኪያወጡ እዚያው ቆዩ። «ግማሹን ለእማዬ፣ ግማሹን ለአብኔዘር እናት» ብለሽ ነበር የላክሽው። አጎትሽ ሊወስዳቸው ሄዶ ሲያይ፣ እኩሌቶቹ ደረታቸው እንደ አዲስ ሸክላ የቀላ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ደረታቸው ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነባቸው የመሰሉ ዥንጉርጉሮች ሆነው አገኛቸው። «ሁለት ዓይነት ዝርያ ናቸው፤ ሰዎቹ እንደሁ የተኳረፉ ናቸው፣ ቢደባለቁ ሌላ ጠብ ነው» ብሎ ቀዮቹን ለብቻ፣ ዥንጉርጉሮቹን ለብቻ አደረገ። ቀዮቹን ለእኔ አመጣ። ለእህቱ ሲያደላ ቆንጆዎቹን መምረጡ ነበር! ዥንጉርጉሮቹን እዚያው ገርጂ ለወይዘሮ ፈለቀች አደረሰላት።

ከአማትሽ ከወይዘሮ ፈለቀች ጋር ያን ጊዜ እንደማንነጋገር ታውቂያለሽ። አንቺና አብኔዘር ከሄዳችሁ ወዲህ ቦሌ መድኃኔዓለም መንገድ ላይ ብንገጣጠም፣ እሷ ወደ ግራ እኔ ወደ ቀኝ ነበርን። እሷ ልጄን የእስላም ልጅ ወሰደችብኝ ትል ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ አባትሽ ስምሽን አይጠራም። «ልጅቷ» እንኳ አይልም፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው፤ እሱንም ግድ ሲሆንበት። ይህን የማነሳው እንድታዝኚ አይደለም፤ የኋላውን ደስ ብሎሽ እንድትሰሚው ነው።

አባትሽ መጀመሪያ አልነካቸውም። «የቆቅ ልጅ ቤት ውስጥ ይዞ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው?» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ግን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር፣ እኛ ጋ ደግሞ ቆርቆሮውን ገፎት የሚሄድ ነው የሚመስለው፣ ወፎቹ ደንግጠው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይዘላሉ፤ አናታቸው ከሣጥኑ ክዳን ጋር ቋ! ይላል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ክዳኑ ከውስጥ በጆንያና በጥጥ ተለብጦ አገኘሁት። ማን እንደለበጠው አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም።

ቀዮቹ ወፎቼ አማሩ፣ ደረታቸውን ነፉ። እንቁላል ግን የለም! ጩኸት ብቻ። ሊነጋጋ ሲል ይጀምራሉ፤ ያቺን በምታህል ገላ ውስጥ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ እንጃ። «ከሙአዚኑ የሚቀድም ጉድ አመጣሽብኝ» ይላል አባትሽ። ደግሞ ይጣላሉ፤ አንዱ የአንዱን አናት እስኪደማ ይነጨዋል። ይባስ ብሎ ከጅራታቸው ሥር እንደ ሳሙና ያለ ነጭ አረፋ ይወጣቸው ጀመር። ወላሂ በሽታ ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ በውሃቸው ጨመርኩ። ቤቱ ሸተተ እንጂ አረፋው አልቆመም።

በአብዱልናስር በኩል ደግሞ ከገርጂ ወሬ ይመጣል። «የወይዘሮ ፈለቀች ወፎች በየቀኑ ይጥላሉ። እንቁላላቸው ቡራቡሬ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለልጆቹ እየገዛ ነው።» እኔም እንዳልበለጥ፣ «የእኔዎቹም ደርሰዋል በላት» ብዬ እልክባታለሁ። በልቤ ግን ተቃጠልኩ። ልጄ የላከችልኝ ነገር በእጄ መከነ፣ የዚያች ሴት እጅ ግን በረከት አለው እያልኩ ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን ነበር።

ለካ እሷም እንቅልፍ የላትም! ወፎቿን ለማራባት እንቁላሎቹን ወስዳ ማሽኑ ውስጥ ታስገባለች፤ ቀኑ ያልፋል፤ ሲሰበር አስኳል ብቻ። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። በዚህ ላይ ሁዳዴ ገባ። ክርስቲያን ጎረቤቶቿ እንቁላል መግዛት አቆሙ፣ እሷም አትበላም፤ ወፎቹ ግን ጾም አያውቁ፣ ይጥላሉ። ሳህኑም ድስቱም በእንቁላል ሞላ።

አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ወይዘሮ ፈለቀች ናት! ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ እንቁላል የሞላ ዘንቢል፣ በሌላው ብብቷ ሥር አንዲት ዥንጉርጉር ወፍ ይዛለች።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ፈሂማ?»

«አልሐምዱሊላህ። ይግቡ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? እንግዳ ደጅ ላይ አይገተርም።

ገብታ ሳትቀመጥ ዘንቢሉን አቀበለችኝ። «በእኛ ቤት እንኳ ጾም ነው። ከሚበላሽ እናንተ ብሉት ብዬ ነው። ደግሞ…» ብላ ትንሽ ቆየች። «ደግሞ የእርስዎን ወፎች ልይ ብዬ ነው የመጣሁት። የእኔዎቹ ይጥላሉ እንጂ እንቁላሉ አይፈለፈልም። ልጆቹ የላኩልኝን ነገር ላጠፋው ነው።»

እኔ ያልኩትን ነው የምትለው! ምን ልደብቃት? «የእኔዎቹስ ጭራሽ አልጣሉም» አልኳት።

ሣጥኑን ከፈትን። ወፏን ከብብቷ አውጥታ ከቀዮቹ መሐል አስቀመጠቻት። ከዚያ የሆነውን ወረቀት ላይ ማስፈር ያሳፍራል፤ አንቺ ግን አሁን የልጅ እናት ነሽ፤ ልንገርሽ። ቀዮቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው፣ እየጮኹ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተረማመደ ወደ እሷ ጎረፉ። ፊት የደረሰው የአንገቷን ላባ በምንቃሩ ይዞ ጀርባዋ ላይ ፊጢጥ አለ። ወይዘሮ ፈለቀች ወፏን ነጥቃ አወጣችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የእመቤቴ ያለህ! ወይዘሮ ፈሂማ፣ እነዚህ እኮ ወንዶች ናቸው!»

«ሁሉም?»

«ሁሉም!»

አንዱን ቀይ ይዤ ገለበጥኩላት። «ታዲያ ይሄ አረፋስ? በሽታ አይደለም?»

ከጅራቱ ሥር በጣቷ ጫን ስታደርገው አረፋው ቡልቅ አለ። የራሷን ወፍ ገልብጣ እዚያው ቦታ ጫን ስታደርግ ምንም የለም። እያየችኝ ፊቷ በሳቅ ተጥለቀለቀ። «ምን በሽታ! ወንድነት ነው እንጂ። የእናንተ አረፋ ገና ወር ይቀረዋል፣ የወፎችሽ ግን ቀድሞ ገብቷል!»

መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። በዓመታት ውስጥ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። «ወፎችሽ» አለችኝ እኮ! እርስዎ መባባሉ እዚያው ሣጥኑ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሁለታችን አንድ በአንድ እያነሳን ተማርናቸው። ወንዱ ደረቱ አንድ ወጥ ቀይ ዳማ ነው፤ ነጠብጣብ የሚባል አይታይበትም፤ ጉንጩም ቀላ ይላል። ሴቷ ደረቷ ነጣ ያለ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ ገላዋም ከወንዱ ይገዝፋል፤ እንደ ዶሮ ወንዱ ነው ትልቁ ብለሽ እንዳትሳሳቺ። የሚጮኸው እሱ ነው፤ የእሷ ድምፅ ለስለስ ያለ ነው። ላባው ካላሳመነሽ አረፋው ያሳምንሻል። ባልሽ ይህንን ሁሉ የተማረ ሰው፣ «ቀዩ ወንድ፣ ዥንጉርጉሩ ሴት» ብሎ አንዲት ቃል ቢልክ ምን ነበረበት ብዬ አብዱልናስርን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አዎ፣ አብኔዘር ስለ ደረት አንድ ነገር ብሎኝ ነበር፤ የጉንፋን ጉዳይ መስሎኝ ተውኩት!»

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የት ይኑሩ የሚለው ነው። የፈለቀች ግቢ ጠባብ ነው፤ የእኛ ሰፊ ነው፤ ከኋላችንም የገበሬዎቹ የጤፍ ማሳ ነው። «እንግዲህ የእኔዎቹ ወደ አንቺ ይምጡ?» አለችኝ።

«ወጉም እንደዚያ አይደል? ሴት ናት ወደ ወንድ ቤት የምትሄደው» አልኳት። የአንቺና የአብኔዘር ነገር መሆኑ የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እሷም ወፏን እየደባበሰች፣ «አብኔዘር ሲልክብኝ፣ ሰልዋ እጇ ወርቅ ነው ይላል» አለችኝ።

«የእሱንም ትዕግሥት ልጄ ነግራኛለች» አልኳት።

በዚህ ነገር ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። አላስፈለገም።

አባትሽ ከመስጊድ ሲመለስ እሷን ግቢው ውስጥ አይቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ፈለቀች ብድግ ብላ፣ «አቶ አብዱልገኒ፣ ሴቶቹ ወፎች እኔ ጋ ኖረዋል። እናምጣቸው ብለናል። ቦታ ይሰጡናል?» አለችው። ሣጥኑን አየ፣ እሷን አየ። «ያ ሣጥን ለዚያ ሁሉ አይበቃም» ብሎ ወጥቶ ሄደ። እምቢ ማለቱ ነው ብለን አንገታችንን ደፋን። ከሰዓት በኋላ በጋሪ እንጨት አስጭኖ መጣ። የጭነት መኪና መንዳቱን ካቆመ ጀምሮ ጓደኛው ጋራዥ ያስቀመጠው የመኪናው የጎን ሳንቃ ነው፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ምንም ሳይናገር መምታት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ባለ ፎቅ የወፍ ቤት ቆሞልሻል!

ግን ጣጣው አላለቀም። ሁሉንም አንድ ላይ ስንከታቸው ወንዶቹ በዝተው ሴቶቹን አሰቃዩዋቸው። የአንዷ ጀርባ ተላጠ፣ አንዷን ዓይኗን አጠፏት። ፈለቀች «ልጆቼን አስገደልኳቸው!» ብላ አለቀሰች። ያኔ ነው አባትሽ በጉዳዩ የገባበት። ለሁለት ለሦስት ሴት አንድ ወንድ ይበቃል ብሎ፣ ተደባዳቢውን እያወጣ፣ ጨዋውን እያስቀረ ለየልን። የተረፉትን ወንዶች አረፋ ሲደርስ እሱ በቢስሚላህ አረደ፤ የፈለቀችን ድርሻ ደግሞ ለፋሲካ ወንድሟ በስመ አብ ብሎ አረደላት። ወንድ መስሎን ሴት እንዳናርድ ከቢላው በፊት እያንዳንዱን ደረት አገላብጦ የሚያየው አባትሽ ነው። እሱ «እለፍ» ካላለ ማንም አይነካም።

ከተቀላቀሉ በኋላ የመጣውን እንቁላል አባትሽ በሠራው፣ አምፖል በገባበት ሣጥን አስተኛነው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጫጩቶቹ ቅርፊቱን መንቆር እንደጀመሩ መብራት ጠፋ። ፈለቀች ስለት ተሳለች፣ እኔ ዱዓ ያዝኩ። አባትሽ ግን ጠርሙሶቹን ሁሉ ፍል ውሃ ሞልቶ በእንቁላሎቹ ዙሪያ ደረደረና የራሱን ጋቢ ከላይ ደረበበት። መብራቱ ሲመጣ ጋቢውን ገለጥ ስናደርግ፣ አውራ ጣት የሚያክሉ፣ እንደ ንብ የሚርመሰመሱ ሕያዋን! ፈለቀች አቀፈችኝ። አባትሽ ጎንበስ ብሎ እያያቸው «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይል ነበር፤ ጋቢው እንደ ቆሸሸ እንኳ ያስተዋለ አይመስለኝም።

አብዱልናስር ታዲያ ወሬውን ይዞ አትላስ አካባቢ ያለ ሆቴል ደረሰ። እዚያ የሚሠራ ላጲሶ የሚባል ሼፍ ደንበኛው ነው። ላጲሶ ወፎቹን ላይ ብሎ እዚሁ ቡልቡላ ድረስ መጣ። «ለፋሲካ ትልቅ ግብዣ አለብን። እንቁላሉ እንደተባለው ትኩስ ከሆነ ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ እንወስዳለን» አለን። ከዚያ አንዷን ሴት በእጁ ይዞ፣ «ለመሆኑ ስሟ ማን ነው ይቺ ወፍ?» አለ።

«ድርጭት ናት» አለች ፈለቀች። «እስራኤል በምድረ በዳ ሲራቡ እግዚአብሔር ያወረደላቸው።»

ላጲሶ ወደ አባትሽ ዞረ። «በእናንተስ መጽሐፍ አለች?»

የያዝኩት ሰፌድ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። በቁርአን ማን እንደምትባል እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ የተወለድሽ ጊዜ ስምሽን ከዚያ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። «አለች» ብሎ ያልፈዋል ብዬ ነበር። አባትሽ ወፏን ከላጲሶ እጅ ተቀበለ። የደረቷን ነጠብጣብ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«አለች» አለ። «ሰልዋ ትባላለች። ሰልዋ።»

ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ላጲሶ ምን ያውቃል፣ «ቆንጆ ስም ነው» አለ።

«የልጄ ስም ነው» አለው አባትሽ። «ናይሮቢ ነው ያለችው። ወፎቹን የላከችልን እሷ ናት።»

ፈለቀች «ገለባው ዓይኔ ገባ» ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያ ምን እንዳደረግሁ አልጽፍልሽም።

የፋሲካ ዋዜማ እንቁላሉን በገለባ ሸፍነን በላዳው አትላስ አደረስን። የቡልቡላን ኮረኮንች ታውቂዋለሽ፤ አጎትሽ ግን ያን ቀን እንደ ሙሽራ መኪና ነበር የነዳው። ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው አየንና፣ «ዕቃ በጓሮ በር ነው» አለን። አባትሽ ለዒድ የሚለብሳትን ኮት ለብሶ ነበር። ኮቱን ቆለፈና፣ «ልክ ነህ ወንድሜ፣ እንቁላሉ በጓሮ ይግባ። እነዚህ ሁለት እናቶች ግን ዕቃ አይደሉም፤ በፊት በር ነው የሚገቡት» አለው። ዘበኛውም ደግ ሰው ነው፤ ፈገግ ብሎ ከፈተልን። እኔ በሻሼ፣ ፈለቀች በነጠላዋ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን በዚያ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ስናልፍ ሰው ዞር እያለ ያየን ነበር። ላጲሶ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ ወጥቶ ተቀበለን፤ ለአለቃው «ባለ ድርጭቶቹ እነዚህ ናቸው» ብሎ አስተዋወቀን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ይወስዳል። አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ባለ ሙያ ተባልኩ!

በማግስቱ ለፋሲካ ፈለቀች ቤት ተጠራን። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የእሷን ደፍ የረገጥነው። ማዕዱን ለብቻ አዘጋጅታልን ነበር፤ ዳቦ፣ ማር፣ በላዩ የተላጠ የድርጭት እንቁላል ተከምሮ። «በሥጋው ባንገናኝ በእንቁላሉ እንገናኛለን» አለችን። አባትሽ በላ፣ ደገመ፤ ሲጨርስ ቤቱን መረቀላት። ግድግዳው ላይ የአንቺና የአብኔዘር ፎቶ አለ። ሲወጣ ፊቱ ቆሞ ብዙ ቆየ። እኛ ጫማችንን የምንፈልግ መሰልን።

ከጫጩቶቹ መሐል አንዷ ነጭ ወጣች ልጄ፤ ጥጥ የመሰለች። የሌሎቹ ደረት ሦስተኛ ሳምንታቸው ላይ መናገር ሲጀምር የእሷ ዝም አለ። ቀይም የለው፣ ነጠብጣብም የለው። ፈለቀች ወንድ ነው አለች፤ እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ከሚታረዱት ጋር እንድትሄድ ስናወጣት አባትሽ ከእጄ ተቀበለኝ። «ያልለዩትን ነገር በቢላ አይፈርዱበትም። ትቆይ» አለ። ለብቻዋ አኖራት። አልጮኸችም፤ አረፋም አልታየባትም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ግቢው ውስጥ ሲጣራ ወጥተን ብናይ፣ በመዳፉ ላይ ቡራቡሬ እንቁላል! የዚያን ቀን ሲስቅ የፊት ጥርሱን ሁሉ አየሁት።

እነሆ ሰኞ ዕለት የእናንተ ቴሌግራም በፈለቀች አድራሻ ደረሰ። ከአስፋልቱ ጀምራ እልል እያለች ነው የመጣችው፤ የገበሬዎቹ ሚስቶች ሳይቀሩ ምን ተገኘ ብለው ተሰበሰቡ። አባትሽ ከወፎቹ ቤት ገለባ በገለባ ሆኖ ወጣ። ቴሌግራሙን አነበበችለት፤ «ሰልዋ በሰላም ተገላገለች። አብኔዘር።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ። ቀጥሎ፣ «ምን ወለደች? ወንድ ነው ሴት?»

እኔና ፈለቀች ተያየን። ወረቀቱን ገለበጥነው፤ ከኋላውም ምንም የለም።

«ወፍ በደረቱ የሚለይ ሰው» አለ አባትሽ፣ «የገዛ ልጁን ወንድ ሴት ሳይል ይጽፋል?» ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ወፎቹ ተመለሰ። ማግስቱንም ከወፎቹ ቤት አልወጣም። ረቡዕ ምሳ ላይ እጁን እየታጠበ፣ «እስከ ሞያሌ ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እየጠየቅሁ እደርሳለሁ» አለኝ።

«ወዴት?» አልኩት፣ እንዳልገባኝ ሆኜ።

«ወፎቹ የመጡበት አገር። እዚያ እንዴት እንደሚይዟቸው ማየት ያስፈልጋል።»

«ይሁን፣ ደግ ነው» አልኩት።

ማክሰኞ በአውቶቡስ ይነሣል። ፈለቀች ለአራስ የሚሆን ቅቤዋን አንጥራ፣ እኔ የገብስ ዱቄቴን ፈጭቼ ሸክሙን አዘጋጅተናል። ወፎቹን እኔና እሷ እንይዛለን። ይህ ደብዳቤ ነገ በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው ስለሚላክ ይቀድመዋል።

ሲመጣ ምንም እንደማታውቂ ሁኚ። ለምን መጣህ አትበዪው፤ ስለ ወፍ ያወራሻል፣ አንቺም ስለ ወፍ አውሪው። አብኔዘርም እርባታውን ያሳየው፣ ሳይቸኩል። ሕፃኑን ግን ሳይጠይቅሽ አንሥተሽ እጁ ላይ አድርጊለት። ዝም ቢል አብሽሪ። ሳንቃውን ያመጣ ጊዜም ዝም ብሎ ነበር።

ለልጄ ለአብኔዘር ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አላህ ጡትሽን ይሙላው፣ እንቅልፍሽን ይባርከው፣ ሕፃኑን የሳቅ ያድርገው። ቤታችሁን ከክፉ ዓይን ይሰውረው። ፈለቀች አጠገቤ ተቀምጣ እንቁላል እያዘጋጀች ነው፤ የምጽፈውን ሁሉ አንብቢልኝ እያለች አላስቀመጠችኝም። አሁን ደግሞ «እናትሽ ብለሽ ብቻሽን እንዳትፈርሚ» ትለኛለች።

እናቶችሽ፣
ፈሂማ እና ፈለቀች